የጭቃዋ መንኮራኩር

ካምፓላ ውስጥ ዝናብ ሊጥል ሲል ቡኮቶ ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ አፈር አፈር ይሸታል። ዛሬ የልጅ ልጄ ሊዲያ ከፕላስቲክ ጡቦች የገጣጠመቻትን የጠፈር መንኮራኩር እዚያው ትታ ገባች። ሽታው ወደ አባቴ ጡብ መሥሪያ መለሰኝ።

ያኔ እህቴ አልማዝ ሰው ጨረቃ ላይ መውረዱን ከሬዲዮ ሰምታ፣ በክብሪት ቀፎ ጥቃቅን የጭቃ ጡብ እያወጣች መንኮራኩር ሠራች። መሰላል ነበራት፤ በሯ ጥፍር ታክል ነበር። ገና ሳትደርቅ ድንገት ዝናብ መጣ። ሸራችን አንድ ብቻ ነበር።

አባቴ ሸራውን ገና በእሳት ባልተተኮሰው ጡብ ላይ ዘርግቶ ጫፉን አስያዘኝ። "እንዳትለቂ!"

"አባባ፣ የእኔስ?" አለች አልማዝ፣ መንኮራኩሯን በሁለት እጇ ከልላ።

"ሰማይ ኋላ ትወጫለሽ፤ መጀመሪያ ክረምቱን እንውጣ።"

ቀለባችን ከዚያ ጡብ እንደነበር ያኔ አልገባኝም። ነፋሱ ሸራውን ሊነጥቀኝ ይታገላል፤ መንኮራኩሯ በአልማዝ ጣቶች መሃል ቀይ ውሃ ሆና ወረደች። እኔ የሸራውን ጫፍ ሳልለቅ ስትፈርስ አየኋት።

አሁን ዝናቡ ጀመረ። ወጥቼ ነጠላዬን በሊዲያ መንኮራኩር ላይ ዘረጋሁ።

"እማማ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው! አይሟሟም" ብላ ሳቀችብኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። እጄን ግን አላነሳሁም።