ከኦቦ ተርፋ ጋር በነቀምቴ ምድር ቤት ጂኒ ፍለጋ

አርጆ፣ ማለዳ

አርጆ ገና በጭጋግ ተሸፋፍና ተኝታለች፤ መናኸሪያው ግን ነቅቷል። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ይላል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው አራት ነን። የወለጋ ረዳት ከአዲስ አበባው የሚለይ መስሎኝ ነበር።

የምሄደው ነቀምቴ ነው፣ ጂኒ ፍለጋ። ከገበያው በላይ ባለ አንድ አሮጌ ሰፈር፣ የድሮ ነጋዴዎች ቡናና ማር ያከማቹባቸው የድንጋይ ምድር ቤቶች አሉ፤ ከቤት ቤት ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። ከላይ ሰው ይኖራል፣ ከታች ጂኒ ይኖራል ይባላል። ሴት ናት አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ታለቅሳለች።

ኮትና ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። «አከም ቡልተን» አልኳቸው፣ እንዴት አደሩ ለማለት፤ ከኦሮምኛዬ የማልሳሳትባት እሷ ብቻ ናት። ኦቦ ተርፋ ይባላሉ። የጉዞዬን ምክንያት ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አዲስ አበባ ጂኒ አልቆ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ለካ እሳቸውም ወደዚያው ናቸው። ልጃቸውን ሲፈንን ለሊሳ የሚባል የነቀምቴ መምህር ሊያገባት ይፈልጋል። ሲጋቡ የሚኖሩት ከእናቱ ጋር፣ ያ ምድር ቤት ካለበት ቤት ነው። ኦቦ ተርፋ ሽማግሌ ሁለቴ መልሰዋል።

«ጂኒ ይፈራሉ እንዴ?»

«እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እኮ ነኝ!» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «አስበው እስቲ። ከወለሉ ሥር ሴት ታለቅሳለች። ወይ ጂኒ ናት፣ ወይ ያ ቤት የሚያስለቅሳት ሰው ናት። ልጄን ለሁለቱም አልሰጥም። በጆሮዬ ሰምቼ ቁርጡን ልናገር ነው የምሄደው።»

ያዘጋጀሁትን ቀልድ ዋጥኩት።

መንገድ ላይ

ቀይ አፈር፣ በቆሎ፣ ማንጎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና። ሾፌሩ ወሬያችንን ሰምቶ ኖሮ ጂኒዋ የአንድ ማር ነጋዴ ሚስት እንደነበረች ነገረን። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «ዋሸህ፣ ወንድ ነው!» ብለው ተቆጡ። ነቀምቴ እስክንገባ ድረስ ሁለቱ አልታረቁም።

ነቀምቴ፣ ምሳ

ለሊሳ መናኸሪያ ተቀበለን። ረዘም ያለ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። አንጮቴ በቅቤ ቀረበ፤ ይህ የወለጋ ሥር እንደ ድንች ይቀቀላል፣ ግን ድንች ብሎ የጠራው ሰው ይወቀሳል። እኔ ተወቅሻለሁ። ለሊሳ በአማቱ ፊት መብላት አፍሮ የሁላችንንም ሳህን ይሞላል። ኦቦ ተርፋ የቀረበላቸውን ጥርግ አድርገው በሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«እናትህ ያውቃሉ መምጣታችንን?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አልነገርኳትም። ይሄ የጂኒ ወሬ ከተነሳ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም» አለኝ። «ዛሬም እምቢ ካሉ ሦስተኛ ሽማግሌ የሚሄድልኝ የለም።»

ምድር ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

በለሊሳ ቤት በኩል አልገባንም፤ ኦቦ ተርፋ «ጂኒ ቀጠሮ አይሰጠውም» ብለዋል። ሰፈሩ ጫፍ ካለ የፈረሰ ቤት፣ በስልኬ መብራት ወረድን። ግድግዳው ላብ ያወጣል፤ የቆየ ማር የሚመስል ነገር ይሸታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ጂኒ ፍለጋ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ከሁሉም ኋላ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ ሰማናት። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። መብራቱን አጠፋሁት። ለቅሶው መሃል ቃላት አሉበት፤ ኦሮምኛ ነው። ከማይገባኝ ነገር ሁሉ ሁለት ቃል ለየሁ፤ «አርጆ» እና «ተርፋ»።

ለሊሳ በጨለማው «ሀርሜ ኮ!» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው ኦቦ ተርፋን። ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ደግሜ ጠየቅሁ።

«እየጸለየች ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ያንን ግትር የአርጆ ሽማግሌ ልቡን አራራልኝ ትላለች። ሲፈንን እንደ ልጄ አቅፋታለሁ ትላለች።»

ምስኪን ሴት! ጎረቤት እንዳይሰማት ምድር ቤት ወርዳ ስለ ሠርጉ ታለቅሳለች፤ ድምፁ ውስጥ ለውስጥ በየቤቱ ይሄዳል፤ ወሬው አርጆ ይደርሳል፤ ሠርጉ ይታገዳል፤ እሷም አብዝታ ታለቅሳለች። እኔም እንባዬ መጣ።

ጸሎቱ አለቀ። በነቀምቴና በአርጆ ሰው ጮክ ብሎ ጸልዮ ሲጨርስ የሰማ ሁሉ የሚመልሳት አንዲት ቃል አለች። ኦቦ ተርፋ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሷት የኖሩ ናቸው። ቦታውን ረሱት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አሜን!» አሉ፣ ድንጋዩ እስኪያስተጋባ።

ከማዶ ጩኸት፣ ቀጥሎ ደረጃ የሚወጣ እግር።

ስንወጣ የለሊሳ እናት አዴ በዳቱ መንገድ መሃል ቆመው፣ ማንም እንዳይቀር በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮሃሉ። «እውነት ነው! ጂኒ አለ! ወንድ ነው! አሜን አለኝ!» ሰፈሩ ወጥቷል።

ኦቦ ተርፋ የሸረሪት ድር ከኮታቸው ላይ እያራገፉ በሰው መሃል አልፈው እናትየው ፊት ቆሙ።

«አዴ በዳቱ፣ ጂኒው እኔ ነኝ። ተርፋ እባላለሁ፣ ከአርጆ። ልጄን ለምነሻል፤ እኔም አሜን ብያለሁ። አሜን ያለ ሰው ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።»

አዴ በዳቱ በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ፤ ሰውየውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«ታዲያ» አሉ፣ «በበሩ ቢገቡ ምን ነበረበት?»