አርፋጁ ባለቤት

ያን ቀን ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ትልቋ ልጄ፣ ልጄ ከተራራው ገዳም ከአሸተን ማርያም ይዛቸው የወረደችው ሽበታም ፈረንጅ ሴት እንግዳና በቅሎውን ያከራየን ጎረቤታችን ነን። ልጄ አስጎብኚ ከሆነች ወዲህ ብቻዋን ይዛ የወጣችው የመጀመሪያ እንግዳዋን ስለነበር፣ ከጧት ጀምሮ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የዋለው።

እንግዳዋ ጉልበታቸውን እያሻሹ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ፈገግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ትምህርቴ ብዙ አልገፋም፤ ከሁሉ ውስጥ የሰማሁት «ሌት» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌት ለሌት መንገድ ሊነሡ ነው ብዬ ሰጋሁ። ልጄ ሳቀችብኝ። በእንግሊዝኛ ሌት ማለት አርፋጅ ነው አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ስታረፍድ መምህሯ እንዲያ ይሏት ነበር። እንግዳዋ ያሉትም «አርፋጁ ባለቤቴ እንዲህ ያለ ቤት ይወዳል» ነው።

«ታዲያ ሰውየው የት ናቸው?» አልኋት።

የልጄ ፊት ተለወጠ። ጧት ከሆቴሉ ስትቀበላቸው እንግዳዋ ብቻቸውን ነበሩ። ምናልባት ባልየው እንቅልፍ ጥሏቸው ቆይተው፣ በኋላ ተከትለው ወጥተው ይሆናል። ተራራው ደግሞ ጉም ለብሷል። አንድ ሽማግሌ በዚያ ገደል ሲንሸራተቱ ታየኝ፤ ልጄም ገና ከጀመረችው ሥራ ስትባረር ታየኝ። ጎረቤታችንን፣ በቅሎህን ይዘህ ፈልግልን ብዬ ለመንሁት። እኔም ሚስቴ ዘንድ አርፋጅ ነኝ፣ ማንም ግን በቅሎ ልኮልኝ አያውቅም እያለ ሄደ።

ሽሮውን ከእሳቱ ገሸሽ አድርጌ፣ የሰውየውን ድርሻ ለብቻ ከድኜ አስቀመጥሁና ጠበቅን። እንግዳዋ ራብ ሲጠናባቸው ለምን እንደማንበላ ጠየቁ። ልጄ ባለቤታቸውን እየጠበቅን እንደሆነ ነገረቻቸው።

እንግዳዋ በመዳፋቸው ወደ መሬቱ አመለከቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጄ ገና አፏን ከፍታ ሳለች ለእኔ ገባኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ነፍሳቸውን ይማር» ስል እንግዳዋን ሳቅ ጀመራቸው። እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

ለካ ሟችም ሌት ይባላል። የዘገየም ሌት፣ የመሸም ሌት፣ የሞተም ሌት። ባለቤታቸው ደግሞ በሕይወት ሳሉ ለሠርጋቸው እንኳ ያረፈዱ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ አልተሳሳታችሁም አሉን።

ጎረቤታችን ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ። ሚስተር፣ ሚስተር እያለ ተራራውን ሲጣራበት ቆይቷል።

«ሞተዋል» አልሁት።

«መቼ? አሁን?» ብሎ በሩ ላይ ደረቀ።

ነገሩን ስናስረዳው፣ «እኔም እኮ ምነው አቤት አይሉም ብያለሁ» አለና ተቀመጠ። የሟቹን ድርሻ ለነፍሳቸው ብለን ለእሱ አቀረብንለት። እንግዳዋም አጎረሱት።

አገራቸው ሲገቡ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነበር፤ ከሆስፒታል እንደወጡ እንደሚደውሉ ለልጄ ነግረዋታል። ክረምቱ ወጣ፣ አልደወሉም። ልጄን ስጠይቃት «ሌት ናቸው» ትለኛለች። የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ተናገሪ እላታለሁ። ጠጉራቸው አጭር ነው፣ ሲስቁ እንባ ይቀድማቸዋል። የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳሉ ንገሩኝ።