ላስቲክ የለበሰው ቶርኖ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአስረኛ ክፍል በኋላ እዚሁ ሐዋሳ ሙያ በምማርበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ አግብቼ ወልጃለሁ። ግን በሬዲዮ "የዛሬ ወጣት ሥራ ይንቃል" የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ አሁን አሁን እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሲጀምር ቀድሞኝ ጣቢያውን ይቀይረዋል።

ዘመኑ ሁሉም ነገር "ልማታዊ" የሚባልበት ነበር። ልማታዊ መምህር፣ ልማታዊ ነጋዴ፣ ልማታዊ ዘፋኝ ሳይቀር ነበረን። ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ያልመጣልን ልጆች ደግሞ ሙያ ተምረን ቶሎ ሥራ እንደምንይዝ ተነገረን። እኔ አመንኩ። አባቴ ሞቶ ታናናሾቼን ይዛ የቀረችው እናቴ ከእኔ በላይ አመነች። የታቦር ሰፈር ጎረቤቶቻችን "ቶርኖ ደግሞ ለሴት ይሆናል?" ሲሏት "እጅ ያለው ሁሉ ይሠራዋል" ብላ አፋቸውን ታስዘጋቸው ነበር።

ለማያውቅ ሰው፣ ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥና ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ነው። የወፍጮ ዘንግ ቢሰበር፣ የመኪና ዕቃ ቢበላ፣ የሚኬደው ቶርኖ ቤት ነው። ትምህርት ቤታችን ሁለት አዳዲስ ቶርኖዎች ነበሩት። በመስኮት አይተናቸዋል። ከመጡበት ላስቲክ ገና አልወጡም፤ ክፍሉም እንደተቆለፈ ነው።

ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍሉ ጋሽ ብርሃኑ እጅ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ማሽኖቹን በስማቸው ፈርመው ተረክበዋል፤ ጡረታ ለመውጣት ደግሞ ትንሽ ነው የቀራቸው። መምህራችን ቁልፍ ሲጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ተማሪ ነክቶ ቢሰብረው ማን ሊጠየቅ ነው? እርስዎ ይፈርሙልኛል?"

መምህራችን አይፈርሙም። ዳይሬክተሩም አይፈርሙም። ስለዚህ ቶርኖው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣልልን ጀመር።

ማሽን በጠመኔ ተማርን። "ብረቱ የሚታሰረው እዚህ ነው፣ መቁረጫው በዚህ ይገባል" እየተባለ ደብተራችን በሥዕል ተሞላ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋናን በሰሌዳ እንደመማር ማለት ነው። ታደለች የምትባል ጓደኛዬ በዚህም ትምህርት አንደኛ ትወጣ ነበር። እኔ መካከለኛ ነበርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የማሽን ድምፅ እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል፤ የአበባው መደብ ዳር ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል። እንግዶች ሊመጡ ነው። የቶርኖው ክፍል ተከፍቷል! ላስቲኩም ተነስቷል። እኔና ታደለች ተቃቅፈን ዘለልን። በቃ፣ ትምህርታችን ተጀመረ ብለን ነበር።

ዳይሬክተሩ የመታጠፊያው መስመር ገና ያልጠፋ ሰማያዊ ቱታ አደሉን። ከዚያ እኔን ክንዴን ይዘው አንዱ ማሽን ፊት አቆሙኝ። "አንቺ ከፊት ሁኚ፤ ሴት ስትታይ ጥሩ ነው። እጅሽን እጀታው ላይ አድርጊ፤ ሌላ ነገር እንዳትነኪ" አሉኝ። ጋሽ ብርሃኑ አጠገቤ ቆመው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

እንግዶቹ ካሜራ አስከትለው ገቡ። ዳይሬክተሩ ምንም ሳያፍሩ "ሰልጣኞቻችን አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት እዚህ ነው፤ በተግባር" አሉ። ከእንግዶቹ ትልቁ ኃላፊ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉና "ጎበዝ! እስቲ አስነሽውና እንይ" አሉኝ።

ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከየት እንደሚነሳ አላውቅማ! ዳይሬክተሩ ፈጠን ብለው "ይቅርታ ጌታዬ፣ መብራት ጠፍቷል" አሉ።

ከራሳችን በላይ የክፍሉ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። ኃላፊው ቀና ብለው አዩት። ሌሎቹም ተከትለዋቸው አዩት። ከዚያ ኃላፊው "አይ የመብራት ነገር!" ብለው ሳቁ፤ የቀሩትም ሳቁ።

ያ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ። ዳይሬክተሩ ቢዋሹ ሥራቸውን ፈርተው ነው እንበል። እነዚህ ግን እያዩ ሳቁ። አፌ አምልጦኝ አይደለም፤ አስቤበት ተናገርኩ። "መብራት አለ። እኛ ነን ማሽኑን የማናውቀው። ክፍሉ ገና ዛሬ ነው የተከፈተልን።"

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "መልካም፣ ይህ እንደ ክፍተት ተወስዶ ይስተካከላል" አሉ። ከዚያ አጨብጭበውልኝ ወደ ልብስ ስፌት ክፍል አለፉ። አዎ፣ አጨበጨቡልኝ!

ከሰዓት በኋላ ቱታውን መልሰን አስረከብን። ቶርኖው ላስቲኩን ለበሰ፤ በሩ ተቆለፈ። በማግስቱ ግምገማ ተጠራሁ። "የተቋሙን ገጽታ አበላሽተሻል፤ ሂስሽን ዋጪ" ተባልኩ። "ምኑ ላይ ዋሸሁ?" ስል "ለሁሉም ቦታና ጊዜ አለው" አሉኝ። መምህራችን መሬት መሬቱን ያያሉ። ሂሱን አልዋጥኩም። እነሱም ቂማቸውን አልተዉም።

የልምምድ ምደባ ሲወጣ ጓደኞቼ በሙሉ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ደረሳቸው። የእኔ ስም የለም። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስገባ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "አንቺ አዋቂ ነሽ፤ ራስሽ ፈልጊ" አሉኝ። ልምምድ ያልሠራ ደግሞ አይመረቅም። እናቴ ስትሰማ "ምን ነበረበት ዝም ብትዪ ልጄ?" ብላ አለቀሰች። ከሁሉም የከፋኝ ያ ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያሉትን ቶርኖ ቤቶች በየተራ አንኳኳሁ። አንዱ ሴት አንፈልግም አለኝ። ሌላው ከትምህርት ቤት የመጡለት ልጆች ምንም እንደማያውቁ ነግሮ መለሰኝ፤ እሱን እንኳ ልፈርድበት አልችልም። በመጨረሻ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ዘንድ ደረስኩ። ማሽናቸው ቀለሙ ለቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

"ትምህርት ቤት ምን ላይ ሠርተሻል?" አሉኝ።

"ሰሌዳ ላይ።"

ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡ። "በሰው ልጅ ዕድሜ ይጫወታሉ! ወላሂ ወንጀል ነው!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ አውርደው ሰጡኝና "ነይ፣ እዚህ ቁሚ" አሉኝ።

የዚያኑ ቀን መቁረጫውን ቀጭ አድርጌ ሰበርኩት። ጋሽ ብርሃኑ ትዝ አሉኝና ባለሁበት ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሽ ከድር ስባሪውን አንስተው እያገላበጡ "ለምን እንደተሰበረ ገባሽ?" አሉኝ። "በአንዴ ብዙ ብረቱ ውስጥ አስገብቼው ነው" አልኩ። "እሰይ፤ በይ ሌላ እሰሪ" አሉኝ። ሙያ ማለት ይኸው ነበር። አንድ ሰው ስበሪ ብሎ እስኪፈቅድልኝ ያ ሁሉ ጊዜ ባክኗል። ልምምዴን ስጨርስ ጋሽ ከድር "ሥራ ሞልቶ የት ትሄጃለሽ?" ብለው እዚያው አስቀሩኝ።

በምርቃታችን ዕለት ጋሽ ብርሃኑ ለጡረታ ተሸኙ። መድረክ ላይ ተጠርተው "የመንግሥትን ንብረት ያለ አንዳች ጉዳት ጠብቀው በማቆየታቸው" ተብሎ ጋቢ ለበሱ። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ታደለችን በቅርቡ መሃል ከተማ አገኘኋት። ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሸጣለች። ለልምምድ የተመደቡበት ጋራዥ ውስጥ የኃላፊዎች መኪና ሲያጥቡ ነበር የከረሙት፤ ከዚያም ሥራ ስትፈልግ "ልምድ የለሽም" እየተባለች ተመለሰች። "የቶርኖውን ክፍሎች ስም እኮ አሁንም አልረሳሁም" አለችና እየሳቀች በቃሏ ዘረዘረችልኝ። አንድም አልሳተችም። እኔ ቀን ከቀን አብሬው የምውለው ግማሹን ስም ረስቼዋለሁ። ልስቅላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሰዎች "አየሽ፣ ሙያ ያበላል፤ አንቺ ምስክር ነሽ" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ልጆቼን እያሳደግሁበት ነው። ግን ከዚያ ክፍል ልጆች በተማረው ሙያ የሚሠራ ከእኔ በቀር አላውቅም። ጎበዝ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ታደለች በብዙ ትበልጠኝ ነበር። እሷ ጨዋ ሆና የመደቧት ቦታ ሄደች፤ እኔ ከምደባው ተባርሬ ጋሽ ከድር ማሽን ፊት ስለቆምኩ ሙያ ያዝኩ። እኔን ለመቅጣት ብለው ያደረጉት ነገር ነው ለሁላችንም ሊያደርጉልን ይገባ የነበረው።