የወይዘሮ ድራሆሚራ ሁለት ደቂቃ

ወይዘሮ ድራሆሚራ ቮኮውኖቫ በልሆቲሴ መንደር ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ እርሳቸው የሚወራ ነገር አልነበረም። ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ልጆቹ ይበላሉ፤ ሳህኑ ይታጠባል። ስማቸው ከመንደሩ አልፎ የተሰማው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

ፊልም ሠሪዎች ወደ ልሆቲሴ መጥተው ነበር። የሚሠሩት አንዲት የበጋ ጎጆ ለሦስት ስለ ወረሱና ስለማይስማሙ ዘመዳሞች የሚያስቅ ፊልም ነው። ለድግሱ ትዕይንት ክኔድሊክ የሚቆርጥ ሰው አስፈለጋቸውና ወይዘሮ ድራሆሚራን ጠሩ። ክኔድሊክ እንደ ክንድ የረዘመ የተቀቀለ ሊጥ ሲሆን፣ ባለሙያ የሚቆርጠው በክር ነው። ከከተማ የመጣችው ተዋናይት ግን ቢላ አነሣች። ወይዘሮ ድራሆሚራም ካሜራው መኖሩን ዘንግተው፣ «ቢላውን ለሥጋው ተይለት፣ ልጄ፤ ለዚህ ክር ይበቃዋል» አሉ። ዳይሬክተሩ ንግግሩን ወደደውና እንዳለ በፊልሙ ውስጥ ተወው። አገር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በልሆቲሴ ቢራ ቤት ነገር የሚያካብድ ሰው ሲገኝ «ክር ይበቃዋል» ማለት ልማድ ሆነ።

በሰባተኛው ዓመት የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ለወይዘሮ ድራሆሚራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሙሉ ትዕይንት ተሰጣቸው። ጓሮ ውስጥ ቆመው ክኔድሊክ እየቆረጡ የቤተሰቡን ታናሽ ምራት ይመክራሉ። ከበስተጀርባ እንጨት የሚከምር ሰው ሲፈለግ ባለቤታቸው ቬንደሊን ተጠሩ። ቬንደሊን የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ የነበሩ፣ ዝምተኛና ፎቶግራፍ የማይወዱ ሰው ናቸው። በሠርጋቸው ፎቶግራፍ እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎን እንዳዞሩ ነው የቀሩት። ቀረጻው በበጋው መጨረሻ ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሳምንት ቬንደሊን በልብ ሕመም ሞቱ።

ስለዚህ ወይዘሮ ድራሆሚራ ፊልሙን የጠበቁት የራሳቸውን መልክ ለማየት አልነበረም። ባለቤታቸው ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ምስል በዓለም ላይ አልነበረም።

በጸደይ ፊልሙ በመንደሩ የባህል አዳራሽ ታየ። ደካማ ሥራ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ኩሬ ውስጥ የወደቀው ውሻ በዚህኛው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንድ ጊዜ ያሳቀ ነገር ሲደጋገም ሳቁም እጥፍ የሚሆን መስሏቸዋል። አዳራሹ ውስጥ ከሳቅ ይልቅ ሳል በዛ። የጓሮው ትዕይንት ጭራሽ አልነበረም። ከወይዘሮ ድራሆሚራ የታየው ሳህን የሚያቀብል አንድ እጅ ብቻ ነው።

በማግስቱ የመንደሩ ጋዜጣና ትምባሆ ሻጭ አቶ ቦሁሚር ሽቴህ ከሱቃቸው መስኮት ብቅ አሉ።

«ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ እጅዎ ግሩም አድርጎ ተጫውቷል! የቀረው ሰውነትዎ ለሦስተኛው ክፍል ተቀጥሮ ነው?»

«እርስዎ ትምባሆዎን ይሽጡ።»

«እሸጣለሁ እንጂ። ግን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናገርሁ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አላልሁም።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቤታቸው ገብተው ለፊልሙ ድርጅት ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ አጭርና ጨዋ ነበር፤ የተቆረጡት ትዕይንቶች በዲስኩ ላይ በተጨማሪነት እንደሚወጡ ይገልጻል። ደብዳቤውን አጥፈው ከቬንደሊን መነጽር ጋር በመሳቢያ አኖሩት።

በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ፊልም የሚገዛው ከጋዜጣ ጋር ነበር። ዲስኩ በወረቀት ኪስ ተከቶ ከጋዜጣው ጋር ይሸጣል፤ ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ቢራ እምብዛም አይበልጥም። ከዚህ ሌላ የዲስክ ዓይነት መኖሩን በልሆቲሴ የጠየቀ የለም። በመከር ፊልሙ በዚሁ መንገድ ሲወጣ ወይዘሮ ድራሆሚራ የመጀመሪያውን ቅጂ ገዙ፤ ለእሑድ ከሰዓትም ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። የፕሪም ቂጣ ጋገሩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። አቶ ቦሁሚርም ከነዲስክ ማጫወቻቸው መጡ።

ጎረቤቶቹ ቂጣውን እየበሉ ውሻው ሁለቴ ሲወድቅ በትዕግሥት ተመለከቱ። ፊልሙ አለቀ፤ የሠራተኞቹ ስም አለፈ፤ የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረ። አቶ ቦሁሚር ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተጫኑ።

«ምንም የለም» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት ምንም የለም? ተጽፎልኛል እኮ!»

«የለማ! ምናልባት ካሜራው ውስጥ ክር መክተት ረስተው ይሆናል።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ወይዘሮ ድራሆሚራ ግን ተነሥተው ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጡና ለአቶ ቦሁሚር ሰጡ። «እኔ መታየቴ ይቅር። ቬንደሊን ከኋላዬ ነበር» አሉ።

ሳቁ ቆመ። አቶ ቦሁሚር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ የወረቀቱንም ኪስ አገላብጠው አዩ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ፊልሙን ብቻ የያዘ» የሚል ተጽፏል። ሃያ ዓመት ጋዜጣ ሲሸጡ የኖሩ ሰው የሚሸጡትን አላነበቡም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ቦሁሚር ሱቃቸውን ዘግተው በአውቶቡስ ወደ ይህላቫ ከተማ ሄዱ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጨማሪዎቹን የያዘውን፣ በፕላስቲክ ሳጥን የሚሸጠውን ዲስክ ይዘው የወይዘሮ ድራሆሚራን በር አንኳኩ። ስለ እሑዱ ቀልድ አንዲት ቃል አላነሡም፤ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና ማጫወቻውን ገጠሙ።

ተጨማሪው ክፍል ከፊልሙ ይሻል ነበር። ተዋንያኑ ንግግራቸውን ሲስቱ፣ ውሻው ወደ ኩሬው አልገባም ብሎ ሲጎተት ይታያል። በመጨረሻ ጓሮው መጣ። ትዕይንቱ ከነዳይሬክተሩ ማብራሪያ ነበር፤ የወይዘሮ ድራሆሚራ ምክር ከእርሱ ድምፅ ሥር ተቀብሮ ይሰማል።

«ይህ ትዕይንት ያሳዝነኛል» ይላል ዳይሬክተሩ። «ሴትዮዋ ድንቅ ነበሩ። ያበላሹት ከኋላ ያሉት አዛውንት ናቸው። ካሜራውን እንዳያዩ አስጠነቀቅናቸው፤ ካሜራውንስ አንድ ጊዜም አላዩም። ነገር ግን እንጨቱን ትተው ሴትዮዋን ያያሉ። ስድስት ጊዜ ቀረጽን፤ ስድስቱንም ጊዜ እንዲሁ ነው።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ በቀረጻው ቀን ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ቆሙ ይህን አላወቁም ነበር። አሁን አዩት። ቬንደሊን ቡናማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ አንዲት ፍልጥ በክንዳቸው እንደ ታቀፉ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ቆመዋል። ክምሩ አልጨመረም።

አቶ ቦሁሚር ወደ ምስሉ አመለከቱ። «እንግዲህ ፊልሙን ያበላሹብዎት እርሳቸው ኖረዋል።»

«ፊልሙማ ቀድሞም የተበላሸ ነው» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ። «ከመጀመሪያው ይመልሱልኝ።»

አቶ ቦሁሚር መለሱት። የዳይሬክተሩን ማብራሪያ ብቻ የሚያጠፋ ቁልፍ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«ይተዉት፤ ድምፁን በሙሉ ይዝጉት» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ እያስጠጉ። «እኔ ያልሁትን አውቀዋለሁ። ቬንደሊንማ ድሮም አይናገርም።»