ሞራ የጠጣችው የሙሽራ መኪና

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በሠርጉ ሰሞን ነው። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን መርሳት አልቻልሁም። ዛሬም ከሥጋ ቤት በር የሞራ ሽታ ከመጣብኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መንገድ እሻገራለሁ።

አራዳ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቴ ቀሐ ወንዝ አካባቢ ነው። ግቢዬ ውስጥ ከአባቴ የወረስኋት አንዲት የጃፓን የስፖርት መኪና አለች። ቀይ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ስትገቡባት መሬት ላይ ዘፍ ያላችሁ የሚመስላችሁ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። የእሷን ዓይነት የሚያውቅ መካኒክ ከከተማው ስለጠፋ የማክማት እኔው ነኝ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አባቴ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ፣ ኋላም ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዱን ብሎን ሳስር ሌላው እየጠፋብኝ ነው የተማርሁ። ካንዴላ እቀይራለሁ፤ ካርቡራተር ፈትቼ አጥባለሁ፤ በሁለት ብረት መሐል የሚገባው ጋስኬት ሲቀደድብኝ ከጫማ ካርቶን በልብስ መቀሴ ቆርጬ እሠራለሁ። ጎረቤቶቼ "አንች ሴት፣ ወይ ጨርቁን ወይ ብረቱን ምረጭ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱም መግጠም ነው እላቸዋለሁ።

የክርስትና ልጄ እሌኒ ልታገባ ሆነ። ነርስ ናት፤ ቁስል ስትጠርግ የምትውል፣ በቀላሉ የማይሰቀጥጣት ልጅ። "እትዬ፣ ካንች መኪና በቀር በሌላ ከቤት አልወጣም" አለችኝ። ደስታዬን አልቻልሁትም።

ሠርጉ ተክሊል ነው። እሷና ባሏ በቅዳሴው ይቆርባሉ። ታውቁታላችሁ፤ ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ጠዋት ካስመለሰው፣ ወይም ዝንብ አፉ ውስጥ ከገባ፣ የዚያን ቀን መቁረብ አይችልም። ቁርባኑ ከቀረ ደግሞ ተክሊሉም ቀረ። ያ ሁሉ ድግስ፣ ያ ሁሉ ዘመድ! ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቱን በሰላም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማድረስ።

ስለዚህ መኪናዋን ሳሰናዳ ሰነበትሁ። ፍሬኗን አየሁ፣ ዘይቷን ቀየርሁ፣ ቀለሟን በሰም አሸሁ። የቀረኝ ወንበሩ ነበር። አባቴ በደኅናው ጊዜ በእውነተኛ ቆዳ አስለብሶት ነበርና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነጭ ልብስ ሰፍቼ ላለብሰው አሰብሁ።

በዚህ መካከል አያ ሞላ ከደጋው አገር ከኮሶዬ መጡ። የእሌኒ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፤ ቆዳ ማልፋትም ያውቃሉ። ለሙሽሮቹ የሚነጠፍ ጀንዲ ራሳቸው አልፍተው፣ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ይዘው መጡ። የሙሽራዋ ቤት በእንግዳ ስለተጨናነቀ እኔ ዘንድ አረፉ። ጀንዲውን እየቀቡ የሚያለሰልሱበት የበግ ሞራም በቅል ይዘዋል።

አርብ ዕለት ሱቅ ውዬ ስመለስ፣ ገና የግቢዬን በር ሳልከፍት ሽታው ተቀበለኝ። አንድ የሞተ ነገር አለ ብዬ ነበር። ገባሁ። የመኪናዋ ሁለቱም በሮች ተከፍተዋል፤ መስታወቱ በዝንብ ጠቁሯል። አያ ሞላ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ወንበሩን በሁለት መዳፋቸው ያሹታል።

"አያ ሞላ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ነይ እስቲ እይው! ምነው ይህን የመሰለ ቆዳ በጥም ገደላችሁት? አሁን ጠጣ። ነገ እንደ ጥጃ ምላስ ይለሰልስልሻል።"

"ምን አጠጡት?"

"ሞራ ነዋ! ደግሞ ትኩስ እንዳይመስልሽ። ትኩሱማ ላይ ላዩን ነው የሚቀር። የከረመው ነው ሰተት ብሎ የሚገባ።"

እውነትም ሰተት ብሎ ገብቷል። በስፌቱ በኩል አልፎ ከታች ያለውን ስፖንጅ አጥግቦታል። ጣቴን ጫን ሳደርግ ቢጫ ነገር ቅልጥ ብሎ ወጣና ከነበጉ ፀጉር ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ምን ልበላቸው? ቀኑን ሙሉ ለፍተዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ ምስጋና ይጠብቃሉ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ሞላ" አልሁና ወደ ጓሮ ዞሬ አስመለስሁ።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍሁት አልነግራችሁም ብል ይሻላል፤ ግን እነግራችኋለሁ። ወንበሩን በአመድ አሸሁት። በሳሙና፣ በፈላ ውኃ፣ በሎሚ፣ በበረኪና አጠብሁት። ስፖንጁን በጨመቅሁት ቁጥር የሚወጣው እንደ መግል ነበር። የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው ከሥሬ የሚፈሰውን ይልሱታል። አንዱ ጭራሽ ውስጥ ገብቶ የወንበሩን እግር ሲልስ አገኘሁት። ዝንቡን በነጠላዬ ባባርር ተመልሶ ይመጣል። አመሻሽ ላይ ወንበሩን በፕላስቲክ ጠቀለልሁት፤ በላዩ ነጩን ልብስ አልብሼ ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁት። አየሩ ሲቀዘቅዝ አሸተትሁ። ምንም የለም። የእሌኒን እናት ጠርቼ አስሸተትኋት።

"ኧረ ምንም የለው፤ ሎሚ ሎሚ ነው የሚል" አለችኝ።

ሞራ ሲበርድ ጸጥ እንደሚል እንጂ እንደማይሞት ያኔ አላሰብሁም። ከወንበሩ ሌላ መኪናዋ ላይ ቆዳ ስለሌለም አያ ሞላን ሌላ የቀቡት ነገር እንዳለ አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ ማለዳ እሌኒ ካባዋን ደርባ፣ ነጭ በነጭ ሆና ወጣች። ፊት ከአጠገቤ አስቀመጥኋት። አያ ሞላ "እኔ አጎቷ እያለሁ ማን ይሸኛታል?" ብለው ከኋላ ተጣጥፈው ገቡ፤ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሷል። እናቷና ሴቶቹ በሚኒባስ እልል እያሉ ተከተሉን። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ልቤ ሞላ።

ሽቅቡን ስንጀምር ከኮፈኑ ሥር አንድ ጩኸት ተነሣ፤ እንደሚታረድ ከብት ያለ። ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

"ጠፍሩ ነው የሚጮህ" አሉ አያ ሞላ ከኋላ፣ እንደ አዋቂ።

"የምን ጠፍር?"

"ከፊት ያለው ነዋ! ያ የሚዞረው። አርብ ለት ክዳኗን ከፍተሽ ስትሄጅ አየሁት፤ ድርቅ ብሎ። እሱንም አጠጥቼዋለሁ።"

ቺንጊያውን ነው የሚሉት! የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ። በሞራ ሲታሽ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ማራገቢያው አይዞርም፤ ሞተሩ ይግላል። እየተሽከረከረ የበተነው ሞራ ደግሞ በጋለው ብረት ላይ አርፎ ይጠበሳል።

ወዲያው ጭሱ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። የከረመ ሞራ ሲጠበስ ያሸተተ ሰው ብቻ ነው የሚረዳኝ። ከሱ ሙቀት ጋር ወንበሩም ነቃ፤ በፕላስቲኩ ሥር ያፈንሁት ሁሉ በስፌቱ ወጣ። በነጩ ልብስ ላይ፣ ልክ እሌኒ በተደገፈችበት፣ ቢጫ ነገር ሲስፋፋ አየሁ። ሌሊቱን ውስጥ አብረው ያደሩት ዝንቦችም ሙቀት ሲያገኙ ከየስርቻው ተነሡ።

"እትዬ..." አለች።

"አትናገሪ! አፍሽን ዝጊ! ዝንብ!"

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጉሮሮዋ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ሲል ይታየኛል። እኔ ራሴ ጥርሴን ነክሼ ነው የያዝሁት፤ እኔ ግን ባስመልስ የሚቀርብኝ ነገር የለም። መኪናዋን ዳር አስያዝሁና በሩን ከፈትሁላት።

ወጥታ የድንጋይ አጥር ተደግፋ ጎንበስ አለች። ከኋላ የሚኒባሱ እልልታ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "እናቴ፣ ሙሽራ ነው ጥብስ ነው የጫንሽ?" አለኝ። እናቷ ወርዳ "እመቤቴ ድረሽ! እመቤቴ ድረሽ!" እያለች ትዞራታለች።

"ልጄ፣ ጥርስሽን ግጠሚ" አሉ አያ ሞላ። "ቀና በይ። በአፍንጫሽ ሳቢ።"

ቀና አለች። የማለዳው ብርድ ፊቷን መታት። ሁላችንም ጉሮሮዋን እናያለን። አንዴ ዋጠች። ደገመች። እናቷ ወደ ሚኒባሱ ልትወስዳት ክንዷን ስትይዝ እሌኒ ራሷን ነቀነቀች። አፏን ሳትከፍት በጣቷ ሽቅቡን መንገድ አሳየችን። በእግሯ ልትሄድ ነው!

ሄደችም። ሴቶቹ ሁሉ ከሚኒባሱ ወርደው ከበቧት። አያ ሞላ የካባዋን ጫፍ ከአቧራ ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ከሩቅ ጮኽሁ፤ "አያ ሞላ፣ እጅዎን! በፈጠረዎት እጅዎን!" እጃቸውን አገላብጠው አዩ። በጋቢያቸው ጠርገው አነሡት።

እኔ ቀረሁ። ኮፈኑን ስከፍት ያየሁትን አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ሞተሩ ላይ ሁሉ ሞራ ረግቷል፣ ፀጉር አርሯል፣ ዝንብ ተጣብቆ ይንፈራገጣል። የሠርግ ነጠላዬን ቀድጄ፣ በቤንዚን ነክሬ ቺንጊያውን ጠረግሁት። ቢጫው በጥፍሬ ሥር ገባ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ውኃ ጨምሬ ስደርስ ቅዳሴው አልቋል። የክርስትና እናቷ ሆኜ አክሊሉ ሲደፋላት አላየሁም።

ከደጀ ሰላሙ ስትወጣ ግን አየኋት። አክሊሏን ደፍታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደ ቆራቢ ሰው። ቆርባለች ማለት ነው! ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ከግብዣው ላይ ምንም ሊወርድልኝ አልቻለም። አያ ሞላ ከሩቅ አይተውኝ ኖሯል፤ ትሪያቸውን ይዘው መጡ።

"ምነው አንች ልጅ? ለማኪናሽ ብለሽ ጦምሽን ልትውይ? ቆዳው እንደሁ ሸጋ ሁኗል፤ አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ነው የቀረው።"

ከጥብሱ ጮማ ጮማውን መርጠው በእንጀራ ጠቀለሉና ወደ አፌ ዘረጉት። ጥፍራቸውን አየሁ። በሥሩ ቢጫ መሥመር አለ። ሰው ሁሉ ያየናል። የሽማግሌ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

"በሞቴ!" አሉ።

ዓይኔን ጨፍኜ ተቀበልሁ። ጣታቸው ከንፈሬን ነካው። ያው ነው፤ የወንበሩ ሽታ። ሳላኝክ ዋጥሁት። ገና ሳልተነፍስ "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

ዋጥሁት።

ያንን ቆዳ አውልቄ ጥዬዋለሁ፤ መኪናዋን በጨርቅ አልብሻታለሁ። አያ ሞላን እወዳቸዋለሁ፤ ክፉ አላሰቡም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያ ጉርሻ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ነጠላዬን ወደ አፌ እወስዳለሁ። እሌኒ ለእግዜር ብላ ያፈነችውን እኔ ለአንድ ሽማግሌ ብዬ አፈንሁት። እሷ አክሊል ደፋችበት፤ እኔ ያተረፍሁት ቢኖር ጮማ መጥላት ብቻ ነው።