እትዬ ተዋበችና ከገበያው ጀርባ ያለው ጫካ

የደባርቋ አዋላጅ እትዬ ተዋበች ባለፈው ሰኞ ማለዳ አረፉ። ወሬው ፀሐይ ሳይበረታ ዳባትም ድብ ባሕርም ደረሰ። በእጃቸው የተወለደ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነውና ማን ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገባን። እኔ ጎረቤታቸው ነበርኩ፤ እኔንም፣ ልጄንም ከማሕፀን የተቀበሉ እርሳቸው ናቸው።

ደባርቅ ቆርቆሮና አቧራ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እትዬን አላወቃችኋቸውም። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ሲጠሩ በዋናው መንገድ አይሄዱም ነበር። ከእህል ተራው ጀርባ፣ በሁለት አጥር መሐል፣ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች። በእርሷ ገብተው ቁልቁል ሲወርዱ ወይራው፣ ኮሶውና ጽዱ ይቀበላቸዋል፤ ከሥር ምንጭ አለ። ከተማው መሐል ሆኖ የገበያው ጫጫታ አይሰማም። እሑድ እሑድ እኛን ሴቶቹን አስከትለው ያዞሩን ነበር። «አገራችሁን ሳታውቁ ልታረጁ ነው እንዴ? ተነሱ እንጂ!» ይሉናል። ቀጋ እየለቀምን፣ እየተሳሳቅን እንከተላቸዋለን።

በኪራይ ቤት የምትወልድ ሴት ጓሮ የላትም። ስለዚህ እትዬ የሕፃኑን እትብት ወደዚያ ጫካ ወስደው ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀብሩት ነበር። «እትብቱ ያለበትን የማያውቅ የትም ቢሄድ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው ለአዳራሽ ማሠሪያ ጫካው ይቆረጥ ብሎ ወሰነ። ሊቀመንበሩ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትለው መጡ። ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት ምን እንደሚያመጣ የደረሰበት ያውቃል። እትዬ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ከፊታቸው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቁረጡ። መጀመሪያ ግን ባለቤቶቹን ልንገርዎት» አሉና ዛፎቹን በእጃቸው እየነኩ ስም ጠሩ። ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት። መጥረቢያ ከያዙት አንዱ የራሱን ስም ሲሰማ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። በመጨረሻ ከትልቁ ወይራ ደረሱ። «ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወይራውን ሽቅብ አዩት። ከዚያ «አዳራሹ በድንጋይ ይሠራ» ብለው ሰዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ኮራሁ! ዛሬም እኮራለሁ።

በቀብራቸው ዕለት እኚያ ሊቀመንበር፣ አሁን ሸምግለዋል፣ አጠገቤ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

«እኔ እኮ የተወለድኩት እዚህ አይደለም፣ አዲ አርቃይ ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ያኔም ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ። እናቴን ያጣሁት በሕፃንነቴ ነው። እትብትህ እዚህ ነው ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። እሳቸው ያንን ወይራ የእርስዎ ነው ሲሉኝ መቁረጥ አቃተኝ።»

እትዬ ተሳስተው ይሁን አውቀው፣ አላውቅም።

እትዬ፣ እርስዎ ኮሶው የኔ፣ አጠገቡ ያለው ጽድ የልጄ መሆኑን ነግረውኛል፤ እኔም ሌላ ምስክር አልሻም። የፊታችን እሑድ ሴቶቹን ሰብስቤ በዚያች ቀዳዳ እገባለሁ። ከፊት የሚሄድ ስለሌለ እኔ እመራለሁ። የእርስዎ እትብት የት እንደተቀበረ ግን ማናችንም ጠይቀንዎት አናውቅም፤ አፍረናል። ስለዚህ ትልቁን ወይራ የእርስዎ ብለነዋል። ባለቤቱ ሊቀመንበሩም ፈቅደዋል። ደኅና ይረፉ፣ እናቴ።