የኔው ስም

ወይዘሮዋ የባሏን ላፕቶፕ አቅፋ ኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ውስጥ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከፊቷ የቆመችውን ሴት ከእግር እስከ ራሷ ገላመጠቻት። ቆንጆ እንኳ ብትሆን ምን ነበረበት! የተጫማችው ተረከዙ ያለቀ ጫማ፣ ላፕቶፗን የጠቀለለችውም በልጅ ፎጣ ነው።

«ፓስወርዱ ካለ ዋጋው ቀላል ነው፤ ከሌለ ግን ፋይሉን ማውጣቱ ይወደዳል» አላት ባለሙያው።

«የኔው ስም ነው፤ ባሌ ነው ያደረገው» አለች ሴትየዋ፣ በፎጣው ጫፍ አፏን ሸፍና እየተሽኮረመመች።

ወይዘሮዋ የባሏን ላፕቶፕ ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።

ተራዋ ደርሶ የባሏን ላፕቶፕ ስታስቀምጥ ሴትየዋ ገና አልሄደችም፤ ፎጣዋን እያጠፈች ነበር።

«የእርስዎስ ፓስወርድ?» አላት ባለሙያው።

«የኔም የራሴ ስም ነዋ!» አለች ወይዘሮዋ፣ ሴትየዋ እንድትሰማት ጮክ ብላ። ስሟንም ነገረችው።

ባለሙያው ጻፈና ስክሪኑን አየ።

«እምቢ አለ እኮ። ሌላ ስም ይኖር ይሆን?»